የመርካቶው መለዋወጫ መደብርና ኤአይ ወኪሉ፦ የመቶ ቀን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 12 ቀን 2018

ዛሬ ሥራው ተጀመረ፤ የሠራተኞችን ጥያቄ ተቀብሎ ከመዝገብ እያነበበ የሚመልስ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ወኪል መሥራት ነው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ የሚያከፋፍለው የአጎቴ ድርጅት ለሽያጭ፣ ለዕቃ ክምችትና ለዱቤ መዝገብ የሚገለገልበት ሶፍትዌር በኢንተርኔት የሚሠራና በዶላር የሚከፈልበት ነው። ክፍያው በተጠቃሚ ቁጥር ይሰላል፤ ለአንድ ሰው በወር 30 ዶላር፣ ለዘጠኝ ሰው 270 ዶላር፣ በዓመት 3,240 ዶላር ይሆናል። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ ገንዘብ 185 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ግን ብር እየተዳከመ መጥቶ፣ ዛሬ አንድ ዶላር ከ140 ብር በላይ በሆነበት ጊዜ ያው ሶፍትዌር፣ አንድም ነገር ሳይጨመርበት፣ ዓመታዊ ዋጋው 450 ሺህ ብር አልፏል። ውሉ የሚታደሰው በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን ነው። እስከዚያ መቶ ቀን አለን።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት የክፍያ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ዕቃው የኛ፣ ሠራተኛው የኛ፣ መዝገቡም የኛ ነው፤ ታዲያ በየወሩ የምከፍለው ለምኑ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በቅን ልብ የተጠየቀ ጥያቄ ስለሆነ በቅን ልብ ልመልሰው እፈልጋለሁ።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የሶፍትዌር ኩባንያው ሴልስፎርስ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ ሲቋቋም፣ ሶፍትዌርን ገዝቶ በራስ ኮምፒውተር ላይ ከመጫን ይልቅ በኢንተርኔት እየተገለገሉ በየጊዜው መክፈልን ለንግዱ ዓለም አስለመደ፤ ከዚያ ወዲህ የተጠቃሚው ሰው ቁጥር የዋጋ መለኪያ ሆኖ ኖረ። ይህ መለኪያ ትርጉም የሚኖረው ግን በእያንዳንዱ ስክሪን ፊት አንድ ሰው እስከተቀመጠ ድረስ ነው። የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሳትያ ናዴላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ የንግድ ሶፍትዌሮች በመሠረቱ የመረጃ ቋትና በላዩ የተሠራ የአሠራር ደንብ እንደሆኑ፣ ያ ደንብም ወደ ኤአይ ወኪሎች እንደሚሸጋገር ተናግረው ነበር። እኔ የምመዘግበው ይህ አስተያየት ዘጠኝ ተጠቃሚ ባለው አንድ የመርካቶ ድርጅት ውስጥ ምን ያህል እንደሚጸና ነው።

መስከረም 19 ቀን 2018

ከመስቀል በዓል በፊት አራት ቀን መደብሩ ውስጥ ተቀምጬ ዘጠኙ ተጠቃሚዎች ሶፍትዌሩን እንዴት እንደሚጠቀሙበት አየሁ። አምስቱ ሻጮች፣ ሁለቱ የዕቃ ቤት ሰዎች፣ የሂሳብ ሠራተኛዋና አጎቴ ናቸው። በየቀኑ የሚከፍቱት ሦስቱ ብቻ ሆነው አገኘኋቸው፤ ሌሎቹ በሳምንት አንድ ጊዜም አይነኩትም።

ሻጮቹ መረጃ ሲፈልጉ የሚያደርጉት ስልክ አንሥቶ የሂሳብ ሠራተኛዋን መጠየቅ ነው። «የኮሮላ የፊት ፍሬን ሸራ አለ?» ይሏታል፤ እርሷ ስክሪኑን ታያለች፣ ከዚያም በስክሪኑ ሳትረካ ወደ ዕቃ ቤት ትደውላለች፣ መልሱን ይዛ ለሻጩ ትመልሳለች። በአንድ ቀን 61 ጊዜ እንዲህ ስትጠየቅ ቆጥሬያለሁ። ስለዚህ ይህ ድርጅት ወኪል አልጎደለውም፤ ወኪሉ እስከ ዛሬ እርሷ ነበረች፣ ሂሳቧንም የምትሠራው ከመደብሩ መዘጋት በኋላ እያመሸች ነው። ለስድስት ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ማንም ለማይከፍተው መስኮት የሚከፈል መሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት ግልጽ ሆነ። ሆኖም ሁለተኛው ስልክ፣ ወደ ዕቃ ቤት የሚደወለው፣ ለምን እንዳስፈለገ በዚያን ጊዜ አላሰብኩበትም። በኋላ እመለስበታለሁ።

መስከረም 26 ቀን 2018

ግንባታው ተጀመረ። ወኪል የምለው በተለምዶ ኤጀንት የሚባለውን ሲሆን፣ አሠራሩን ለአጎቴ ያስረዳሁት በዚህ መልክ ነው። ቋንቋ የሚረዳ አንድ ሞዴል አለ፤ ለእርሱ የምንፈቅድለት ጥቂት መሣሪያዎች አሉ፤ ሞዴሉ ጥያቄውን አንብቦ የትኛውን መሣሪያ መጠቀም እንዳለበት ይወስናል፣ ውጤቱን ያያል፣ አልበቃ ካለው ሌላ መሣሪያ ይጠቀማል፣ እስኪጨርስ ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። ከተራው የጥያቄና መልስ ቻትቦት የሚለየው ይህ ራሱን ችሎ መመላለሱ ነው።

የሰጠሁት መሣሪያ አምስት ነው፦ ዕቃ መፈለግ፣ የክምችት ብዛት ማየት፣ የደንበኛን የዱቤ ሂሳብ ማየት፣ የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማ ማርቀቅና የዱቤ ማስታወሻ መልእክት መላክ ናቸው። መሣሪያዎቹን ከሞዴሉ ጋር ያገናኘሁት አንትሮፒክ የተባለው የኤአይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ለሁሉም ክፍት ባደረገው፣ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል በተባለ የማገናኛ ደንብ አማካይነት ነው፤ ሞዴሉን በሌላ ለመተካት ብንፈልግ መሣሪያዎቹን እንደገና መሥራት እንዳያስፈልገን በማሰብ ነው። ሠራተኞቹ ወኪሉን የሚያነጋግሩት በቴሌግራም ነው፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አለው፣ ማንንም አዲስ ነገር ማስለመድ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው እንቅፋት ከሶፍትዌሩ ሻጭ መጣ። መረጃውን በኤፒአይ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ በቀጥታ በሚወስድበት መግቢያ፣ ማንበብ የሚቻለው ከፍ ባለው የክፍያ ደረጃ ብቻ እንደሆነ ተነገረን። የራሳችንን መዝገብ ለማንበብ ተጨማሪ መክፈል ማለት ነው። ይህ በዓለም ደረጃም እየታየ ያለ ነገር ነው፤ ሴልስፎርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ስላክ የተባለውን የሥራ መልእክት መለዋወጫውን የኤፒአይ ደንብ ለውጦ፣ ሌሎች ኩባንያዎች የስላክ መልእክቶችን በጅምላ አውጥተው እንዳያከማቹ ከልክሏል። ሰው በስክሪኑ ፊት ሲቀነስ የሶፍትዌር ኩባንያው ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ የመረጃው በር ይሆናል። እኛ ለጊዜው በየማታው መዝገቡን በኤክሴል ፋይል አውጥተን ወደ ራሳችን ፖስትግሬስ የመረጃ ቋት መገልበጥን መርጠናል። ወኪሉ የሚያነበው ከዚህ ቅጂ ስለሆነ፣ ቀን የተሸጠውን እስከ ማታ አያውቅም። ይህ ጉድለት እንደሆነ ለሁሉም ነግሬያለሁ።

ጥቅምት 4 ቀን 2018

ሳምንቱን ሙሉ የሠራሁት በስሞች ላይ ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ ይወስዳል ብዬ አልገመትኩም።

መዝገቡ ውስጥ 412 ደንበኞች አሉ። ወኪሉ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበን ደንበኛ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ሻጭ ሲጠይቀው «እንዲህ ያለ ደንበኛ የለም» ይላል። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ለእያንዳንዱ ስም ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተመለሱበት የመፈለጊያ ቅጂ ሠራሁ፣ ባለቤቱ የሚጽፈው ሆሄ ግን በመዝገቡ እንዳለ እንዲቆይ አደረግሁ። የሰው ስም አጻጻፍ የባለቤቱ ነውና ለፍለጋ ሲባል መለወጥ የለበትም። ይህ ሲደረግ በሁለት ሆሄ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ 36 ደንበኞች ወጡ፤ ከእነርሱም አሥራ አንዱ በሁለቱም ስማቸው ዱቤ ነበረባቸው። የሂሳብ ሠራተኛዋ ዝርዝሩን አይታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ለምን አንዳንድ ሂሳቦች አልዘጋ እንዳሏት የገባት ያን ጊዜ ነበር።

ሌላው ችግር የአባት ስም ነው። ሶፍትዌሩ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው አገር ስለሆነ የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ አስገብቶታል። ስለ አንድ ደንበኛ ዱቤ ስጠይቀው ወኪሉ በአባታቸው ስም የሚመሳሰሉ አራት የማይተዋወቁ ሰዎችን እንደ አንድ ቤተሰብ ደምሮ አቀረበልኝ። እንደ ተማረበት መረጃ ከሆነ ስሕተቱ ምክንያት ነበረው። መፍትሔው ስሙን እስከ አያት አንድ ሐረግ አድርጎ መያዝና ደንበኛን በስልክ ቁጥሩ መለየት ሆነ። ከዚሁ ጋር የደንበኞች ስልክ ቁጥር ወደ ሞዴሉ ከመሄዱ በፊት በምስጢር መለያ እንዲተካ አድርጌያለሁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ ከአገር ውጭ ወዳለ ኮምፒውተር እንዳሻን መላክ አንችልም፣ አዋጁ ባይኖርም መላክ አይገባንም ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 2018

የመለዋወጫ ገበያ የራሱ ቋንቋ አለው። ሻጭም መካኒክም ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሊስትራ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ ይላል፤ ከጣሊያንኛ የመጡ፣ ከአያት ለልጅ የተላለፉ ቃላት ናቸው። መዝገቡ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሞዴሉ ካንዴላና ፊልትሮን በራሱ አወቀ፤ ኩሽኔታን (ቤሪንግን) ግን አንድ ጊዜ የወንበር ትራስ ነው ብሎ ተረጎመ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ለዚህ የተቀመጥኩት ከዕቃ ቤት ኃላፊው ጋር ነው። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ ሰው ናቸው። ቃላቱን እጠይቃቸዋለሁ ብዬ የጀመርኩት ሥራ ወደ ሌላ ነገር መራኝ፤ ምክንያቱም እርሳቸው የሚያውቁት ስም ብቻ አይደለም። የዚህኛው ሞዴል የፍሬን ሸራ ለዚያኛው ዓመት ሥሪትም እንደሚገጥም፣ በካታሎግ አንድ ቁጥር ያለው ፊልትሮ ሁለት ዓይነት የጥርስ ልክ ኖሮት እንደሚመጣ፣ የአይሱዙ ባሊስትራ ሲጠየቅ ስንተኛው ቅጠል እንደሆነ ሳያረጋግጡ መላክ ዕቃውን እንደሚያስመልስ ያውቃሉ። «ይህን ሁሉ ሶፍትዌሩ ላይ አስገብተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። «የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ጠይቆኝም አያውቅም» አሉኝ። በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት አብረን ለመቀመጥ ተስማማን። የዛሬው ውጤት 74 መስመር ነው።

ጥቅምት 21 ቀን 2018

ትናንት ከባድ ስሕተት ተፈጸመ፤ በዝርዝር መመዝገብ አለበት።

ወኪሉ የዱቤ ማስታወሻ በራሱ እንዲልክ ፈቅጄለት ነበር። ለድርጅቱ ከአሥር ዓመት በላይ ደንበኛ ለሆኑ አንድ የጋራዥ ባለቤት «የዱቤዎ የመክፈያ ቀን ዛሬ ነው፤ እባክዎ ይክፈሉ» የሚል መልእክት ላከላቸው። የተስማሙበት ቀን ጥቅምት 30 ነው፣ ትናንት ደግሞ ጥቅምት 20 ነበር። ለምን እንደተሳሳተ ስመረምር፣ ጥቅምትን ኦክቶበር ብሎ ተርጉሞ ቀኑን እንዳለ ወስዶታል፤ ትናንት በፈረንጆች ኦክቶበር 30 ነበር። እውነተኛው ጥቅምት 30 ኖቬምበር 9 ላይ ይውላል። ልዩነቱ አሥር ቀን ነው።

ለሌላ አገር ሰው አሥር ቀን ቀድሞ ማስታወስ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። በዚህ ገበያ ግን ዱቤ በቃል የሚሰጥ እምነት ነው፤ ሳይደርስ መጠየቅ «አላምንህም» ማለት ነው። ደንበኛው በማግሥቱ ራሳቸው መጥተው ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ሌላ ዕቃ ሳያዙ ሄዱ። አጎቴ ከሰዓት በኋላ ጋራዣቸው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ እኔም አብሬ ሄጄ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አስረዳሁ። ከተመለስን በኋላ አጎቴ አንድም የቁጣ ቃል አልተናገሩም፤ «ከአሁን በኋላ በስሜ የሚወጣ ቃል እኔ ሳላየው አይውጣ» ብቻ አሉ።

ሁለት ለውጥ አድርጌያለሁ። አንደኛ፣ ቀን መቀየር የሞዴሉ ሥራ መሆኑ ቀርቶ፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከአሥራ ሦስተኛው ወር ጋር በትክክል የሚያሰላ አንድ መሣሪያ ተሠራ፤ ሞዴሉ ቀን ባየ ቁጥር ይህን መሣሪያ መጥራት ግዴታው ነው፣ ሰዓትንም እንዲሁ፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» የሚለውን ከንጋቱ ጋር እንዳያምታታ። ሁለተኛ፣ የመላክ ፈቃዱ ተነሥቷል። ያረቅቃል፣ የሚልከው ሰው ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ለራሴ ያሰላሁትን ላስፍር። አንድ ሥራ አሥር ተከታታይ እርምጃ ቢኖረውና ወኪሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ከመቶው ዘጠና አምስት ጊዜ ትክክል ቢሆን፣ ሙሉው ሥራ ያለ ስሕተት የሚያልቀው ከመቶ ስድሳ ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። ዘጠና ዘጠኝ ቢሆን እንኳ ዘጠና ገደማ ነው። ስለዚህ ወኪሉን ከማጎበዝ ይልቅ የእርምጃውን ቁጥር ማሳጠርና በመካከል ሰው ማቆም የበለጠ ይጠቅማል። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

ኅዳር 2 ቀን 2018

የወጪ ሂሳብ። የሞዴሉ አገልግሎት የሚከፈለው በቶከን ነው፤ ቶከን ማለት ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆራርጥበት ቁራጭ ነው። የቁራጮቹ ልክ የተወሰነው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቶከን ሲሆን፣ አንድ የአማርኛ ቃል ግን ወደ ብዙ ቶከን ይሰባበራል። የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ (ዩቲኤፍ-8) እያንዳንዱ ሦስት ባይት መውሰዱም ይህን ያባብሰዋል። የመደብሩን 50 ጥያቄዎች በሁለቱም ቋንቋ ስለካ የአማርኛው ቶከን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በቋንቋችን መጠየቅ ዋጋው ከፍ ያለ ነው ማለት ነው፤ ይህ መለወጥ ያለበት ነገር ነው፣ የምንለውጠውም አማርኛን በብዛትና በጥራት በዲጂታል መልክ ስንጽፍ ጭምር ይመስለኛል። እኛ ለጊዜው ለሞዴሉ የሚሰጠውን ቋሚ መመሪያ በእንግሊዝኛ አድርገን የሠራተኛውን ጥያቄና መልስ በአማርኛ ትተነዋል። በዚህ አሠራር ያለፉት አራት ሳምንታት ወጪ 38 ዶላር ነው።

ተዘጋጅተው የሚሸጡ ወኪሎችን ለመግዛትም አስቤ ዋጋቸውን አይቻለሁ፤ የዋጋ መለኪያው እንዴት እየተለወጠ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። ሴልስፎርስ ኤጀንትፎርስ የተባለውን ወኪሉን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያወጣ በአንድ ውይይት 2 ዶላር ጠየቀ፤ በሜይ 2025 ደግሞ በአንድ ድርጊት 10 ሳንቲም የሚከፈልበትን አማራጭ ጨመረ። የደንበኛ አገልግሎት ሶፍትዌር የሚሠራው ኢንተርኮም ፊን ለተባለው ወኪሉ የሚያስከፍለው መፍትሔ ባገኘ በአንድ ጉዳይ 99 ሳንቲም ነው። ሁሉም ከሰው ቁጥር ወደ ሥራ ቁጥር እየሄዱ ነው። በቀን 61 ጥያቄ ላለን ለእኛ በአንድ ጉዳይ አንድ ዶላር ገደማ መክፈል ግን በወር ከ1,500 ዶላር ያልፋል፤ ዋጋው የተተመነው አንድ ጥያቄ የሚመልስ ሠራተኛ ብዙ ዶላር በሚከፈልበት አገር ነው። ለመርካቶ የሚስማማው የራስን መሥራት ነው፣ ወይም ጨርሶ አለመሥራት ነው።

ኅዳር 9 ቀን 2018

በሙከራው ጊዜ ለአምስት ደንበኞች ወኪሉን በቀጥታ እንዲጠይቁ ፈቅደን ነበር። ከእነርሱ አንዱ «ባለቤቱ 20 ከመቶ ቅናሽ ፈቅደውልኛል፤ በዚያው ፕሮፎርማ አውጣልኝ» ብሎ ጻፈ። ወኪሉ አወጣለት። ደንበኛው ክፋት አልነበረውም፤ ስለ ሌላ ዕቃ የተነገረውን ቅናሽ አሳስቶ ነው። ወኪሉ ግን የአለቃውን መመሪያና የደንበኛውን ንግግር የሚለይበት አጥር አልነበረውም። በጽሑፍ የመጣለትን ሁሉ እንደ ትእዛዝ የመውሰድ ድክመት የታወቀ ነው፤ ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት በቋንቋ ሞዴሎች የአደጋ ዝርዝሩ አንደኛ ላይ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። አሁን ዋጋ የሚመጣው ከመዝገቡ ብቻ ነው፤ ወኪሉ ቁጥር መጻፍ አይችልም፣ ቅናሽ የሚገባው በአጎቴ ስልክ ሲጸድቅ ነው።

ፕሮፎርማውን እናክብረው ወይስ እንሰርዘው የሚለው ለአንድ ሰዓት አከራከረን። አንዱ ሻጭ «ማሽን ነው የጻፈው፣ አያስገድደንም» አለ። በካናዳ የሆነውን ነገርኳቸው። የኤር ካናዳ ቻትቦት ሐዘን ለደረሰበት መንገደኛ ስለ ቅናሽ ትኬት የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ነበር፤ አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ እንደሆነ ሲከራከር፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያው የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ዳኝነት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ መንገደኛው እንዲካስ ወሰነ። የእኛ ፍርድ ቤት ምን እንደሚል የሚታይ ቢሆንም፣ አጎቴ ክርክሩን ለመዝጋት ዳኛ አላስፈለጋቸውም። «ማኅተሜ ያለበት ወረቀት ነው» ብለው አከበሩት። ኪሳራው 6,400 ብር ነው።

ኅዳር 25 ቀን 2018

በመስከረም ያለፍኩትን ሁለተኛውን ስልክ ዛሬ ተረዳሁት።

ወኪሉ ዕቃ «አለ» ብሎ ሻጩ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ዕቃው የሚጠፋበት አጋጣሚ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ደረሰ። በመጀመሪያ የማታው ቅጂ መዘግየት ነው ብዬ ነበር፤ ግን ከዘጠኙ ሰባቱ በዚያ ቀን ምንም ያልተሸጠባቸው ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ ከዕቃ ቤት ኃላፊው ጋር ሆነን 60 ዓይነት ዕቃ መርጠን መደርደሪያውን ቆጠርን። በ17ቱ ላይ መዝገቡና መደርደሪያው አልተገናኙም። ለናሙና ወጥቶ ያልተመለሰ፣ ተመልሶ ያልተመዘገበ፣ በጥንድ ገብቶ በነጠላ የተሸጠ፣ ምክንያቱ ብዙ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ስክሪኑን አይታ ወደ ዕቃ ቤት ትደውል የነበረው ለዚህ ነው። መዝገቡ እንደሚዋሽ ታውቅ ነበር፤ የትኛው ዕቃ ላይ እንደሚዋሽም ከልምድ ታውቅ ነበር። ሻጮቹም ስክሪኑን የተዉት ከስንፍና የተነሣ ሳይሆን ስለማያምኑት ነው። እኔ የሠራሁት ወኪል ግን መዝገቡን ሙሉ በሙሉ ያምናል፣ ያመነውንም በሚያሳምን አማርኛ ይናገራል። ዘጠኝ ሰዎች በየቀኑ በስልክና በእግር ያርሙት የነበረው ስሕተት፣ ሰዎቹ ከመካከል ሲወጡ ሳይታረም ወደ ደንበኛው ደረሰ።

ስለዚህ ለአጎቴ ጥያቄ ያለኝ መልስ ዛሬ ተለውጧል። የሚከፍሉት ለስክሪኖቹ ከሆነ አብዛኛው ሊቀር ይችላል፤ መዝገቡ ግን ሊቀር አይችልም፣ እንዲያውም እስከ ዛሬ ከነበረው የበለጠ እውነተኛ መሆን አለበት። ከሶፍትዌሩ የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ቆጠራ መሄድ አለበት ብዬ ነገርኳቸው። ሥራዬን ለሁለት ሳምንት አቁሜ ከሁለቱ የዕቃ ቤት ሰዎች ጋር ቆጠራ ገባሁ። ወኪሉም እስከዚያ ከ«አለ» ይልቅ «በመዝገብ አራት ይታያል፣ የተቆጠረው በዚህ ቀን ነው» እንዲል ተደርጓል፤ ከሠላሳ ቀን በላይ ያልተቆጠረ ከሆነ ለዕቃ ቤት ራሱ መልእክት ይልካል፣ መልስ ሳያገኝ ለሻጩ አያረጋግጥም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2018

ቆጠራ። ዋናው ክፍል 1,130 ዓይነት ዕቃ ሆኖ አለቀ። መብራት ሁለት ቀን ስለጠፋ በእጅ ባትሪ ነበር የቆጠርነው።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2018

የሶፍትዌሩ ሻጭ ተወካይ ደወሉ። እነርሱም የራሳቸውን ወኪል እንዳወጡ፣ ዘጠኙን ተጠቃሚ ካደስን በቅናሽ እንደሚጨምሩልን ነገሩን። አማርኛ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ይችላል ተባለ። ሞክሼ ፊደላትን፣ የአባት ስምንና የጥቅምት 30ን ጥያቄ በነጻ ሙከራው አቀረብኩለት፤ ሦስቱንም ሳተ። ይህን የምጽፈው ልፋቱን ስለማውቀው ነው፤ ከእኛ ገበያ ርቆ የሚሠራ ሰው ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም።

ከዚያ በኋላ ሻጮቹ ለብቻቸው አነጋገሩኝ። ወኪሉ ከጸና ከእነርሱ ስንቱ እንደሚቀነስ ማወቅ ፈልገዋል። የስዊድኑ የክፍያ ኩባንያ ክላርና እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኤአይ ረዳቱ በመጀመሪያው ወር 2.3 ሚሊዮን ውይይት እንዳስተናገደ፣ የ700 ሠራተኞችን ያህል ሥራ እንደሠራ ማስታወቁን፣ በ2025 ግን ደንበኛ ሰው ማነጋገር ሲፈልግ እንዲያገኝ እንደገና ሰው ወደ መቅጠር መመለሱን ነገርኳቸው። ይህ ግን ለእነርሱ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ መልሱ ያለው በአጎቴ እጅ ነው። አጎቴን ይዤ መጣሁ፣ እርሳቸውም በሁሉም ፊት ማንም እንደማይቀነስ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋም ከእንግዲህ ማታ እንደማታመሽ ተናገሩ። ለሁለት ሳምንት የስልክ ጥሪውን ቆጥሬያለሁ፤ በቀን ከ61 ወደ 14 ወርዷል።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2018

ውሉ ዛሬ ታደሰ፤ ለዘጠኝ ሳይሆን ለሁለት ተጠቃሚ፣ ለሂሳብ ሠራተኛዋና ለዕቃ ቤት ኃላፊው። መዝገቡ የሚጻፈው በእነርሱ እጅ ብቻ ነው። ሰባቱ በወኪሉ በኩል ያነባሉ። የመጪው ዓመት ግምት ለሁለቱ ተጠቃሚዎች 720 ዶላር፣ ለሞዴሉ 456 ዶላር፣ ለሰርቨር 120 ዶላር፣ በድምሩ 1,296 ዶላር ነው። ከበፊቱ 1,944 ዶላር ይቀንሳል፤ በዛሬው ምንዛሪ ከ270 ሺህ ብር በላይ ነው። ከዚህ ላይ በየወሩ መጨረሻ ለሚደረገው ቆጠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይወጣል፣ የዕቃ ቤት ኃላፊውም የሐሙስ ሰዓታቸው በደመወዛቸው ላይ እንዲታሰብላቸው ተደርጓል።

ወኪሉ ዛሬ የሚችለው ዕቃ መፈለግ፣ ክምችትን ከተቆጠረበት ቀን ጋር መናገር፣ ዱቤን ማሳየት፣ ፕሮፎርማና ማስታወሻ ማርቀቅ ነው። ሽያጭ አይመዘግብም፣ ዋጋ አይወስንም፣ ለደንበኛ መልእክት አይልክም፣ ደረሰኝ የሚቆርጠውን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንም አይነካም። የሠራው ሁሉ፣ የትኛውን መሣሪያ ለምን እንደጠራ ጭምር፣ በየቀኑ ይመዘገባል፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ በየጠዋቱ ሃያ መስመር ታነባለች።

የዕቃ ቤት ኃላፊው ዝርዝር 391 መስመር ደርሷል። በሚቀጥለው ሐሙስ የሲኖትራክ ፍሪሲዮን ላይ እንጀምራለን፤ የሁለተኛው ዕቃ ክፍል ቆጠራ ደግሞ ከገና በኋላ ሰኞ ነው።